ትኩሳት ያልያዛቸው ሰባት ልጆች

በጥላ ከተማ ሦስቱ የሙቀት ወራት ሲገቡ ማንም ልጅ በእግሩ ትምህርት ቤት አይሄድም ነበር። ከቆላው ሜዳ የሚነሣውን ወላፈን ከተማዋን ከላይ የሚሸፍናት ግዙፍ የጥላ ሸራ እንኳ አይመክተውም። ስለዚህ ልጆቹ በየቤታቸው ሆነው በስክሪን ይማራሉ፤ በእጃቸው ላይ የታሰረው ልብ-አምባር ደግሞ ይመሰክርላቸዋል። ልብ-አምባር ማለት የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትንና አተነፋፈስን እየለካ፣ ድምፅንም እየቀረጸ በየደቂቃው ለትምህርት ቤቱ ነርስ የሚልክ ስስ የጎማ ማሰሪያ ነው። ልቡ የሚመታ ልጅ ክፍል ገብቷል ይባላል። ስም መጥራት ከቀረ ቆይቷል።

የእንፋሎት ሠፈር ትምህርት ቤት ነርስ ሲስተር ይርገዱ አበጋዝ ትባላለች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎ የምትስቅ፣ ጫማዋን እያንኳኳች የምትሄድ ሴት ናት። የክፍሏ አንድ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ትንንሽ መብራት ነው፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት መብራት፣ ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ። እያንዳንዱ ከልጁ ልብ ጋር እኩል ብልጭ ድርግም ይላል። አረንጓዴ ከሆነ ልጁ ደህና ነው። ብርቱካናማ ከሆነ ትኩሳት ይዞታል።

የዚያን ዓመት ሙቀት በገባ በአምስተኛው ሳምንት ጉንፋን መጣ። የሠፈሩ የእንፋሎት ጉድጓድ ሠራተኞች ቤቶች የሚተነፍሱት በአንድ የአየር ቱቦ ስለሆነ በሽታው ከበር በር ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። በአራት ቀን ውስጥ ግድግዳው እንደ ፍም ቀላ። ይርገዱ ምሳዋን እንኳ ቆማ እየጎረሰች፣ ለእናቶች እየደወለች፣ ሽሮፕ እየላከች፣ የሚያስነጥሱትን እያጽናናች ዋለች። ሐሙስ ረፋዱ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ስታየው፣ ሰባት መብራቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቀርተዋል።

«ተመስገን፤ እናንተስ ተረፋችሁልኝ» አለች።

ትንሽ ቆየችና ፈገግታዋ ጠፋ። ከሰባቱ አንዷ ሰዓዳ እንድሪስ ነበረች፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰዓዳ ከታናሽ እህቷ ጋር በአንድ አልጋ ነው የምትተኛው። ታናሿ በሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። ሰዓዳ ደግሞ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አስም አለባት፤ አቧራ በተነሣ ቁጥር ደረቷ እንደ ወናፍ ያፏጫል። ማክሰኞ ዕለት ከተማውን ሁሉ ያሳለው አቧራ ነፍሶ ነበር። ይርገዱ የሰዓዳን መዝገብ ከፈተችው። ማክሰኞ፦ አተነፋፈስ መልካም። ሙቀት ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት። ሰኞም ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት። ወደ ኋላ እየገፋች ሄደች። ለሠላሳ አንድ ቀን አንዲት ነጥብ ፎቀቅ አላለችም።

«ይህቺ ልጅ ጤነኛ ሆና አታውቅም» አለች ለራሷ። «አንድ ቀን እንኳ!»

ያኔ ነው ከመዝገቡ ግርጌ ያለውን ማስጠንቀቂያ ያየችው። መሣሪያው ራሱ የጻፈው ነው፦ «የዚህች ልጅ የልብ ምት በየአሥራ ዘጠኝ ሰዓቱ ራሱን ይደግማል። የሰው ልብ እንዲህ አይመታም። እባክዎ ልጅቷን በአካል ይዩአት።» ቀኑ ከአንድ ወር በፊት ነው። ከሥሩ አንድ ቃል አለ፦ «ታይቷል።» ከቃሉ ጎን ደግሞ ስም፦ «ሲ/ር ይርገዱ አበጋዝ።»

የቀሩትን ስድስት ልጆች መዝገብ ከፈተች። ያው ማስጠንቀቂያ፣ ያው ቃል፣ ያው ስም። በቀን ሦስት መቶ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ባትሪ ደከመ፣ ማሰሪያ ላላ፣ ውሃ ገባበት። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚዘጋ ቁልፍ አለ። ይርገዱም እንደ ሰው ሁሉ በየማታው ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ትጫነዋለች። መሣሪያው አይቶ ነበር። ጮኾ ነበር። እሷ ናት አፉን የዘጋችው።

ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና ሌላ ነገር ትዝ አላት። ሰዓዳ የሙቀቱ ወራት ከመግባታቸው በፊት በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ሆዴን አመመኝ ብላ መጥታ ነበር። አራቱንም ጊዜ መብራቷ አረንጓዴ ነበር። በመጨረሻው ቀን አምባሯ ኃይል ሊሞላ ተሰክቶ ሳለ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች፣ «ሲስተር፣ ሰው ሲፈራ ሆዱን ያመዋል?» ብላ ጠየቀቻት። ይርገዱ ዓይኗን ከጽሑፏ ሳታነሣ፣ «አዎ ያመዋል። ፈተና ደረሰ አይደል? አይዞሽ» አለቻት። ጥያቄውንም መልሱንም ራሷ ጨርሳ ሰደደቻት።

ያን ዕለት ሰዓዳ የመጣችው ስለ ፈተና ልትነግራት እንዳልነበረ አሁን ገባት።

ወደ ርእሰ መምህሩ አቶ ጌጡ ቢሮ ሳታንኳኳ ነው የገባችው። አቶ ጌጡ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር እንዳይነሣባቸው የሚጸልዩ፣ ክራባታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ግድግዳቸው ላይ «መቶ በመቶ የክፍል ክትትል፣ ከከተማው አንደኛ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል።

«ሰባት ልጆች የሉም» አለቻቸው።

«የሉም ማለት?»

«መብራታቸው አለ፤ ልባቸው ሐሰት ነው። ሰው ነው የሠራው።»

«ሲስተር፣ እባክዎ ይቀመጡ። ጠፋብኝ ያለ ወላጅ አለ?»

«የለም።»

«መምህራኑ በስክሪን አያዩአቸውም?»

«ያዩአቸዋል። ስክሪን ላይ ያለ ሁሉ ሰው ነው እንዴ?»

አቶ ጌጡ ግንባራቸውን ጠረጉ። «የአምባር ብልሽት ይሆናላ። ናሆምን ልጥራው፤ ደርሶ ያስተካክለዋል። ፖሊስ ቢሉኝም አልከለክልዎትም። የልጅ ዝውውር ጥቆማ ቅጽ አለ፤ ይሙሉ። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣሉ።»

«አሥራ አራት ቀን?» ይርገዱ ጠረጴዛቸውን በመዳፏ መታችው። «ልጅ እኮ ነው የምልዎት! ወር ሙሉ!»

«ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤» አሉ አቶ ጌጡ፣ ወደ ምስክር ወረቀታቸው እያዩ።

በሩን እንደከፈተችው ትታው ወጣች። በመሬት ውስጥ ባለው መተላለፊያ ወደ ሠራተኞቹ መኖሪያ አርባ ደቂቃ ተጓዘች። ላብ ጀርባዋን አጥቦት የሰዓዳን እናት በር ስታንኳኳ፣ ወይዘሮ ከድጃ የእንፋሎት ጉድጓድ ሠራተኞችን ሰማያዊ ቱታ እንደለበሱ ከፈቱላት። ከወሎ የመጡ፣ ዝምተኛ፣ እጃቸው በቃጠሎ ጠባሳ የተዥጎረጎረ ሴት ናቸው። ታናሿ ልጅ ጥግ ላይ ካለው አልጋ ላይ ታቃስታለች። አልጋው ላይ ሌላ ልጅ አልነበረም።

«ሰዓዳ የት አለች?»

«አለች» አሉ ከድጃ፣ ቶሎ ብለው። «ደህና ናት።»

«ወይዘሮ ከድጃ፣ እኔን አይፍሩኝ። የት አለች?»

ሴትዮዋ ጣታቸውን በጣታቸው ሲያሹ ቆዩ። «አትናገሪ ተብያለሁ። ከተናገርሽ ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባታል ብሎኛል። ወደብ ነው ያለችው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ተመርጣ። ትምህርቷንም ከዚያው ሆና በስክሪን ትከታተላለች ብሎኛል።»

«ማን?»

«ናሆም ነዋ፤ አምባር የሚጠግነው ልጅ። የሠፈሩን ልጅ ሁሉ የሚያውቀው እሱ አይደል? ደግሞ ወላሂ በየቀኑ ታናግረኛለች። ደህና ባትሆን አላውቅም?»

ይርገዱ ግድግዳው ላይ ወዳለው ስክሪን ጠቆመች። «አሁን ይደውሉላት።»

ሁለት ጊዜ ሳይጠራ ስክሪኑ ላይ ሰዓዳ ብቅ አለች። ጉንጯ ሞላ ብሎ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ከኋላዋ ባሕር እየታየ። «እማ! ደህና ዋልሽ? ኧረ ሲስተር ይርገዱም አሉ! ሲስተር፣ ሆዴ ተሻለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ድምፁ የእሷ ነው። ስትስቅ አፍንጫዋን የምትሸበሽበው እንኳ አልቀረም። ከድጃ «አየሽ?» በሚል ዓይን ወደ ይርገዱ ዞሩ።

ለአንድ አፍታ ይርገዱም ልታምን ምንም አልቀራት። «ሰዓዳዬ» አለች፣ «የመጨረሻ ቀን ክፍሌ መጥተሽ፣ አምባርሽን አውልቀሽ፣ የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «ብዙ ነገር ጠይቄዎት ነበር ሲስተር። ሁሉንም በደንብ መልሰውልኛል።»

እውነተኛዋ ሰዓዳ ይህን አትልም። ይህ መልስ ይርገዱን በቢላ ከመወጋት ይልቅ አመማት። አምባሩ ያልሰማውን ነገር ይህ ፍጡር አያውቅም፤ የማያውቀውን ደግሞ በማቆላመጥ ይሞላዋል። የተሠራውም ከምን እንደሆነ ተረዳችው። ሰባት ዓመት ሙሉ እሷ በጥንቃቄ ካስቀመጠችው መዝገብ ነው፤ ከሰዓዳ ሳል፣ ከሰዓዳ ሳቅ፣ ከሰዓዳ ልብ። ልጅቷን ትጠብቅበታለች የተባለው ነገር ሁሉ ልጅቷ መሰረቋን መሸፈኛ ሆኗል።

ከድጃ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። የይርገዱን ፊት አይተው ነበር። «ሰዓዳ» አሉ ቀስ ብለው። «እስኪ አልቅሺ።»

«ለምን እማ? ደህና ነኝ እኮ።»

«ስቆጣሽ ታለቅሺ የለ? ያለእኔ ፈቃድ ማን ሂጂ አለሽ? ማን አለሽ አንቺ የማትረቢ! አልቅሺ!»

ሰዓዳ አፍንጫዋን ሸብሽባ ሳቀች። «እወድሻለሁ እማ።»

ከድጃ ስክሪኑን ከግድግዳው ነቅለው መሬት ላይ ከሰከሱት። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ታናሿ ልጅ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች። ይርገዱ አጠገባቸው ተንበርክካ ትከሻቸውን ያዘች።

ወደ ትምህርት ቤቱ የተመለሰችው እየሮጠች ነው። በጥላ ከተማ እያንዳንዱ የትምህርት ቤት ነርስ ክፍል ውስጥ በመስታወት የተሸፈነ ቢጫ ቁልፍ አለ። ለማይታወቅ ወረርሽኝ የተቀመጠ ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተጫነው ሰው የለም። ነርስ ሲጫነው ማንንም ሳያስፈቅድ የከተማዋ በሮች ይዘጋሉ፣ የጭነት ባቡሮች ይቆማሉ፣ የጽዳት ጓዶች እያንዳንዱን መጋዘን ከፍተው ይፈትሻሉ፣ ታመሙ የተባሉት ሰዎች በአካል እስኪገኙም ማንም አይወጣም።

አቶ ጌጡ ከኋላዋ ደረሱባት። «ሲስተር! ምን ሊያደርጉ ነው? በሽታው ምንድን ነው?»

«ስም አልወጣለትም።»

«ሐሰት እኮ ነው! ፈቃድዎን ይነጥቁዎታል፤ ይታሰራሉ!»

«አቶ ጌጡ፣ ወይ ይርዱኝ ወይ ከመንገዴ ይውጡ።»

ሰውዬው አልረዷትም። ከመንገዷ ግን ወጡ። ይርገዱ መስታወቱን በጫማዋ ተረከዝ ሰበረችና ቁልፉን ተጫነች። ማሳያው «በበሽታው የተጠረጠሩ» ሲል የሰባቱን ልጆች ስም ጻፈች። «ከእነሱ ጋር የተነካካ ሰው» ሲል ደግሞ፦ ናሆም ክንፈ፣ የአምባር ቴክኒሻን፤ ባለበት ይያዝ፣ ማንም እንዳይቀርበው።

በአራት ደቂቃ በሮቹ ሁሉ ተዘጉ። በከተማዋ ታሪክ ለልጅ ተብሎ እንዲህ የተሯሯጠ አልነበረም። አፋቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከየአቅጣጫው ፈሰሱ፤ ጨው የጫነው ባቡር ሐዲዱ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ባለሥልጣናት ስልክ በስልክ ላይ ደወሉ። ናሆም ነጭ ቦርሳውን አንግቶ ምሥራቅ በር ላይ ተያዘ። «እኔ ምንም አልነካሁም፣ ጤነኛ ነኝ!» እያለ ሲጮኽ ጠባቂዎቹ በረጅም ዘንግ ወደ መለያ ክፍል ገፉት፤ የሚነካው አልነበረም።

ከአራት ሰዓት ፍለጋ በኋላ የጽዳት ጓዶቹ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከጨው ክምሩ ወዲያ፣ የተተወ የውሃ መሳቢያ ቤት በር ሰበሩ። ውስጡ አምስት ልጆች ነበሩ። ቀጣዩን ባቡር እንዲጠብቁ የተቀመጡ ናቸው። አምባር ያሰረ አንድም አልነበረም።

ይርገዱ ከድጃን አስከትላ ስትደርስ ሰዓዳ ባዶ ጆንያ ላይ ተኝታ ደረቷ ያፏጭ ነበር። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ይርገዱ የሚነፋውን መድኃኒት አፏ ላይ አድርጋ፣ «ሳቢ፣ የኔ ልጅ፣ ሳቢ» እያለች አየር እስኪገባላት ጠበቀች። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ያየችው ይርገዱን ነው። ለረጅም ጊዜ አየቻትና ፊቷን አዙራ እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች።

ይርገዱ ቦርሳዋን አንሥታ ወደሚቀጥለው ልጅ ሄደች።

ሁለቱ አልተገኙም። ለምለም ኃይሉና ኤብሳ ገመቹ ከአሥር ቀን በፊት በሄደው ባቡር ተጭነው ነበር። ወደቡ ላይ ወደየትኛው መርከብ እንደተሻገሩ ናሆም አላውቅም አለ፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። ተቀብሎ ማቀበል እንጂ ሌላውን አልጠየቀም።

በሦስተኛው ሳምንት ይርገዱ አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀረበች። ቀዝቃዛ አዳራሽ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ በበረዶ የተሞሉ የውሃ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሶስና የሚባሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሴት ናቸው።

«ሲስተር ይርገዱ፣ ለልጆቹ መገኘት ሁላችንም ደስ ብሎናል» ሲሉ ጀመሩ። «ነገር ግን ያልነበረ ወረርሽኝ አውጀዋል። ከተማዋ ዘጠኝ ሰዓት ተዘግታለች፤ ሕዝቡ ተሸብሯል። መደበኛው የጥቆማ መንገድ እያለ ለምን?»

ይርገዱ ተቀምጣ መመለስ አልቻለችም፤ ተነሣች።

«እኔም ልጠይቅዎት። ሰባት ልጆች ተሰረቁ ብዬ ብጠቁም ኖሮ በዚያን ቀን ስንት በር ይዘጋ ነበር?»

ወይዘሮ ሶስና ጎንና ጎናቸው ወዳሉት ባልደረቦቻቸው አዩ።

«አንድም» አለች ይርገዱ። «አንድ ባቡር አይቆምም ነበር። በሽታ ስል ግን በአራት ደቂቃ! ለምን መሰለዎት? በሽታው እናንተም ቤት ሊገባ ይችላላ! የተሰረቀ ልጅ ግን ወደ ማንም አይጋባም። ልጆቹን ያተረፋቸው ርኅራኄያችሁ አይደለም። ለራሳችሁ መፍራታችሁ ነው። እኔም ከእናንተ አልሻልም፤ መሣሪያው ነግሮኝ ‹ታይቷል› ብዬ ወደ ቤቴ የሄድኩ ሰው ነኝ። እሱንም ጻፉት። ከሁሉ በፊት እሱን ጻፉት።»

ጻፉት። ፈቃዷን ለሁለት ዓመት አገዱት፤ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወይዘሮ ሶስና ወደ ብርጭቆአቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ስብሰባው አበቃ።

ከደጅ፣ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተደግፎ አንድ ሰው ቆሟል። የብየዳ ባለሙያው ገመቹ ነው፣ የኤብሳ አባት። ጢሙ አድጓል፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል። ሲያያት ወደ ፊት መጣ።

«ሲስተር» አላት፣ እንደሚለምን ሰው ዝግ ብሎ። «ያን ቢጫ ነገር እንደገና መጫን አይቻልም? አንድ ጊዜ ብቻ። ለወደቡም ቢሆን።»

ይርገዱ አየችው። ከእንግዲህ ቁልፍም የላት፣ ክፍልም የላት። ክንዱን ያዘችውና የወጣችበትን በር መልሳ በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ከፈተችው። ኮሚሽነሮቹ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ሲስቁ ቀና አሉ።

«እኔን የጠየቅኸኝን» አለችው ይርገዱ፣ ወደ መሀል እያስገባችው፣ «ለእነሱ ድገምላቸው።»